የጓሳ ሣር፣ የእረኛው ውሻና የሰው ጤና
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የቀረበ ንግግር)




ስለ ጤና እንነጋገር ብለን ጠርተናችሁ ስለ ሣር፣ ስለ ውሻና ስለ ቀበሮ ስንናገር ብትሰሙ አትደነቁ። ይዘን የቀረብነው ሐሳብ አንድ ብቻ ነው። የሰው፣ የእንስሳና የመሬት ሕመም ብዙውን ጊዜ በአንድ ገመድ የተሳሰረ ነው፤ አንዱን ጫፍ ብቻ ይዞ የሚጎትት ሰው ቋጠሮውን ያጠብቀዋል እንጂ አይፈታውም። ስለዚህ አንድን በሽታ ለማዳን ከመነሣታችን በፊት «ይህ ነገር ከምን ጋር ተያይዟል? እዚህ ብንነካው የት ይነቃነቃል?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። በዛሬው የትምህርት ቋንቋ ይህ አመለካከት «አንድ ጤና» ይባላል። ምስክር አድርገን የምንጠራው በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ የሚገኘውን ጓሳን ነው።

አስተሳሰቡ ከውጭ መጽሐፍ ብቻ የተቀዳ እንዳይመስላችሁ፣ አስቀድመን አያቶቻችን «ክፉ ቀን» የሚሉትን ዘመን እናስታውስ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በአገራችን ታላቅ ረሃብ ነበረ። መነሻው ሕዝቡ «ደስታ» ብሎ የሚጠራው የከብት በሽታ ነው። በሽታው ለጣሊያን ጦር ወደ ምጽዋ ከመጡ ከብቶች ጋር ገብቶ አገሩን አዳረሰ፤ ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። ደስታ ሰውን አይዝም። ዳሩ ግን በሬው ሲሞት ሞፈሩ ቆመ፤ ሞፈሩ ሲቆም እርሻው ጦም አደረ፤ የቀረውን ድርቅና አንበጣ በላው፤ የተራበውም ሕዝብ እህል ፍለጋ ተሰደደ፤ ስደተኛው በተጨናነቀበት ኮሌራ፣ ፈንጣጣና ተስቦ ገባበት። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቆፈር ለሕዝቡ ምሳሌ እንደሆኑ ታሪክ ይነግረናል። በዚያን ጊዜ አንድ ሐኪም ስለ አንድ ሟች «በምን ሞተ?» ተብሎ ቢጠየቅ «በተስቦ» ብሎ ይጽፍ ነበር። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ጎደሎ ነው። የዚያ ሰው ሞት የተጀመረው በሬው የወደቀ ዕለት ነው።

አሁን ወደ ጓሳ እንመለስ።

ጓሳ በመጀመሪያ የሣር ስም ነው፤ ቦታው ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር የሚደርስ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ውርጫም ደጋ ነው። በሣሩ የመንዝ ሰው ቤቱን ይከድናል፤ ገመድ ይገምዳል። ከቁጥቋጦው ማገዶ ይለቅማል። በድርቅ ጊዜ ከብቱንና በጉን የሚያሰማራበት የመጨረሻው ተስፋው ነው። ጅብራና አስታ ይበቅሉበታል፤ ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ይሰማራበታል፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የሌለው፣ ለአካለ መጠን የደረሰው ቁጥሩ ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮም ከሚኖርባቸው ጥቂት ተራሮች አንዱ ይህ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ጓሳ የውሃ እናት ነው። ክረምቱን እንደ ስፖንጅ መጥጦ በበጋ በምንጭ ይመልሰዋል፤ በምዕራብ የሚወርደው በጀማ በኩል ዓባይን ይቀላቀላል፤ በምሥራቅ የሚወርደው ወደ አዋሽ ያቀናል።

በጥቁር ሰሌዳው ላይ አምስት ክቦች ሥለናል፤ ሰው፣ ውሻ፣ በግ፣ ሣርና የዱር አውሬ። በመካከላቸው መስመር እናስምር። የብዙዎቹ መስመሮች መገናኛ ውሻው መሆኑን ታያላችሁ።

በመንዝ ውሻ የጌጥ እንስሳ አይደለም። ቀን ከእረኛው ጋር ሜዳ ይውላል፤ ሌሊት በጉን ከጅብና ከቀበሮ ይጠብቃል። ያለ ውሻ በግ የለም፤ ያለ በግም በዚያ ብርድ ኑሮ የለም፤ የመንዝ ባና ከበጉ ጠጉር የሚሠራ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይህ ታማኝ አገልጋይ ግን በሦስት መንገድ በሽታ ያመላልሳል።

የመጀመሪያው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዓለም በያመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ከሚሞቱት ብዙዎቹ ልጆች ናቸው፤ በሽታውን ለሰው የሚያስተላልፈውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ለማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ቁስሉን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ፣ ወዲያው ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት መጀመር ሕይወትን ያድናል። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ መርፌውን ግን አይተው። ይኸው በሽታ ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ይሻገራል። በባሌ ተራሮች በ1991 እና በ1992 እ.ኤ.አ. ቀበሮዎቹን ፈጀ። በ2003 እ.ኤ.አ. መጨረሻ እንደገና ተነሥቶ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራቱ ሦስቱን ያህል ጨረሰ። በዚያን ጊዜ የእንስሳት ሐኪሞቹ ሁሉን ቀበሮ ለመከተብ አልሞከሩም፤ በሽታው ወደ ሌላው ሸለቆ በሚሻገርበት መተላለፊያ የሚኖሩትን መንጋዎች መርጠው ከተቡ፤ ወረርሽኙም ተገታ። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው መንገድ ትል ነው። በጉ ራሱን አዘንብሎ በአንድ ቦታ ሲዞር፣ ሲዞር ውሎ የሚሞትበትን በሽታ የበግ አገር ልጆች የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ምክንያቱ በአንጎሉ ውስጥ ያደገ የትል ከረጢት ነው። በጉ ሲታረድ ወይም ሲሞት ጭንቅላቱ ለውሻ ይጣላል፤ ከረጢቱ በውሻው አንጀት ትል ይሆናል፤ የትሉ እንቁላል ከኩሱ ጋር በሣሩ ላይ ይወድቃል፤ ሌላው በግ ሣሩን ሲግጥ ይውጠዋል። ባለቤቱ ለውሻው ያደረገው ቸርነት ዞሮ መንጋውን ይገድላል። እንዲሁም ጉበትና ሳንባ ለውሻ በሚጣልበት አገር ሁሉ፣ ሌላ ዓይነት የውሻ ትል በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ውሃ የቋጠረ እብጠት ያበቅላል።

ሦስተኛው ወደ ጭላዳው የሚሄደው ነው። በጓሳ ለብዙ ዓመታት ጭላዳዎችን የሚከታተሉ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የዚሁ ትል ዘመድ የሆነ ሌላ ትል በጭላዳዎቹ ገላ ላይ ትልልቅ እብጠት እንደሚያወጣና እብጠቱ ያለባቸው እናቶችና ግልገሎቻቸው ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚሞቱ አሳይተዋል። ይህ ትል የሚያድገው በውሻና በውሻ ዘመዶች አንጀት ነው፤ ጭላዳው ግን ሥራው ቀኑን ሙሉ ሣር መጋጥ ነው። የቀይ ቀበሮው ጥቅምም ከጭላዳው ጋር የተያያዘ ነው። በዚያው በጓሳ በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ ሌላ ጥናት፣ ቀበሮው ብቻውን አይጥ ሲያድን ከመቶ 25 ጊዜ ያህል ሲሳካለት፣ በጭላዳዎቹ መካከል ሆኖ ሲያድን 67 ጊዜ ያህል ይሳካለታል። ጭላዳው ሲጎዳ ቀበሮውም ይጎዳል ማለት ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ውሻው ነው። በሰሌዳው ላይ ያልሣልነው ሌላ ዙርም አለ፤ እርሱም የማገዶና የውሃ ነው። ቁጥቋጦው ሲመናመን ባላገሩ ኩበት ያነድዳል። ኩበቱ ሲነድ ማሳው ማዳበሪያውን ያጣል፤ ማሳው ሲደክም የገብሱ ምርት ያንሳል፤ ምርቱ ሲያንስ ቤተሰቡ ሣርና ማገዶ ለመሸጥ እንደገና ወደ ደጋው ይወጣል። በጎጆ ውስጥ የሚታፈነው ጭስም የእናቲቱንና የሕፃኑን ሳንባና ዓይን ይጎዳል። ሣሩ ተነቅሎ መሬቱ ሲራቆት ምንጩ በበጋ ይቀንሳል፤ ምንጭ ሲርቅ እንስራ ተሸክማ የምትሄደው ሴት ያመጣችው ውሃ ለመጠጥ እንጂ ለፊት መታጠቢያ አይተርፍም። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከበረታባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ትራኮማን የሚዋጉ ሐኪሞች ቀዶ ጥገናና መድኃኒት ብቻ እንደማይበቃ፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ መሻሻል ከሕክምናው ክፍሎች መካከል መሆናቸውን ካወቁ ቆይተዋል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት በዚህ ቦታ ቀልድ አይደለም፤ የዓይን መታወር ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ አንዱን ክብ ብቻ አይቶ መድኃኒት ማዘዝ ምን እንደሚያመጣ የሚያስተምር ምሳሌ ከህንድ አገር እናምጣ። በዚያ አገር ለታመሙ ከብቶች ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ይሰጥ ነበር። ለከብቱ ጥሩ መድኃኒት ነው። የሞተውን ከብት የበላ ጥንብ አንሣ አሞራ ግን ኩላሊቱ ተበላሽቶ ይሞታል። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሞሮቹ በሚሊዮን አለቁ፤ ጥንቡ ለውሻ ቀረ፤ ውሻው በዛ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋትም አብሮ ጨመረ። የህንድ መንግሥት መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ የከለከለው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። መድኃኒቱን የሠራው ኬሚስት፣ ያዘዘው የከብት ሐኪም፣ የገዛው ገበሬ፣ ማንኛቸውም ክፉ አልሠሩም። እያንዳንዱ በክቡ ውስጥ ትክክል ነበር፤ ጥፋቱ የተፈጠረው በክቦቹ መካከል ነው።

በእኛም አገር በሽታ ሲነሣ «ውሻውን በመርዝ እንጨርሰው» የሚል ድምፅ ይሰማል። በጓሳ እንደዚህ ቢደረግ የሚሆነውን አስቡት። መርዝ የገባበትን ሥጋ የሚበላው ውሻው ብቻ አይደለም፤ ቀበሮውም፣ አሞራውም ይበላዋል። እረኛው በጉን የሚጠብቅለት ስለሚያስፈልገው በማግሥቱ ሌላ ቡችላ ያመጣል፤ ያም ቡችላ ያልተከተበ ነው። ስለዚህም ነው የዓለም ጤና ድርጅት ውሻን መግደል በሽታውን እንደማያጠፋ፣ ከመቶ 70 ውሻ መከተብ ግን የበሽታውን ሰንሰለት እንደሚበጥስ የሚያስተምረው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በሰሌዳው ላይ አንድ ክብ ጎድሏል፤ እርሱም ሕጉ ነው። ደጋውን የሚጠብቀው ማን ነው?

የመንዝ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጡት በ17ኛው መቶ ዓመት እንደሆነ ይተረካል። አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አባቶች ደጋውን ተካፍለው ለየዘራቸው አወረሱት። አጠባበቁ «ቄሮ» ይባላል፤ ቃሉን ዛሬ በሌላ ትርጉም የምታውቁት አታምታቱት። በየክፍሉ «አባ ቄራ» ወይም «አፈሮ» የሚባል አለቃ በሕዝብ ይመረጣል። ደጋው ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ተዘግቶ ሣሩ ያርፋል፤ ጊዜው ሲደርስ በበጋ በስምምነት ይከፈታል፤ ያለ ፈቃድ የገባም ይቀጣል። ዶክተር ዘላለም ተፈራ በ2001 እ.ኤ.አ. ለዶክትሬት ባቀረቡት ጥናት ይህን ሥርዓት በሰፊው ገልጸውታል፤ ቀይ ቀበሮ በጓሳ እስከ ዛሬ የቆየው ሣሩ ተጠብቆ በመቆየቱ ነው። እኛ አንድ ቃል እንጨምር። ቄሮ የጤና ተቋም ተብሎ አያውቅም፤ ነገር ግን ሣሩን፣ ምንጩን፣ የከብቱን ቁጥርና የሰውን ጉልበት በአንድ ሸንጎ ፊት አቅርቦ የሚመዝን ሌላ አካል አልነበረም። የዛሬው ምሁር በብዙ ወረቀት የሚፈልገውን ነገር አባ ቄራው በስብሰባ ይሠራው ነበር።

ይህን ስንል የጥንቱን ሁሉ ለማሞገስ አይደለም። ቄሮ የቆመው በአጽመ ርስት ላይ ነበር፤ መብቱ በትውልድ ስለ ሆነ ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልሆነ ሰው ከጓሳው ድርሻ አልነበረውም። ሥርዓት መልካም ሆኖ ፍርድ ሊጎድለው ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ግን የሚነካው እኛን ተማሪዎችን ነው። በ1957 ዓ.ም. ከእኛ በፊት የነበሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። ጥያቄያቸው እውነተኛ ነበር፤ እናከብራቸዋለን። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ፤ አጽመ ርስት ቀረ። ከርስቱ ጋር ግን ቄሮም እግሩን አጣ። መፈክሩ ስለሚታረሰው መሬት ይናገር ነበር፤ ስለማይታረሰው፣ ለሁሉም ስለሚሆነው መሬት አይናገርም። ጓሳ የሁሉም ሲባል ለጊዜው ጠባቂ የሌለው ሆነ፤ ሣሩ ታጨደ፣ ቁጥቋጦው ተመነጠረ፣ ከብቱ በዘፈቀደ ገባ። እነሆ፤ ከፍትሕ ልብ የወጣ ሕግ፣ ክቦቹ ሁሉ ስላልተያዩ፣ ምንጭን እስከ መጉዳት ደረሰ። የመንዝ ገበሬዎች ግን ቁጭ ብለው አላለቀሱም። በዙሪያው ያሉትን ቀበሌዎች የሚወክል ኮሚቴ አቁመው አዲስ ሥርዓት ሠሩ፤ በዚህም አሮጌው የትውልድ ድንበር ቀርቶ የየቀበሌው ነዋሪ ድምፅ አገኘ። ዛሬ ጓሳ በክልሉ ሕግ የታወቀ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። የአባቶቹን ጥበብና የልጆቹን ፍትሕ አንድ ላይ ለማድረግ የተደረገ ሙከራ ነውና ልናጠናው የሚገባን ይህንን ነው።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን።

አንደኛው «እናት በወሊድ በምትሞትበት አገር ስለ ቀበሮ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ነው። መልሳችን አጭር ነው። ቀበሮውን የሚገድለው ውሻ ልጁን የነከሰው ያው ውሻ ነው። ለቀበሮው ሲባል የሚሰጠው የውሻ ክትባት የእረኛውን ልጅ ያድናል። ሣሩን የሚጠብቀው ሕግ ለእናቲቱ ውሃ ያቀርባል። ለሁለቱ የምንከፍለው ዋጋ አንድ ነው፤ ለያይተን የከፈልን እንደ ሆነ ግን እጥፍ እንከፍላለን።

ሁለተኛው ከዚህ የጠነከረ ነው። «ሁሉ ነገር ከሁሉ ከተያያዘ፣ ከየት እንጀምር? እንዲህ ያለው ትምህርት እጅን አጣጥፎ ለመቀመጥ ሰበብ ይሆናል» ይላል። እውነት ነው፤ ሊሆን ይችላል። የሥዕሉ ጥቅም ግን ሁሉን ለመንካት አይደለም፤ ብዙ መስመር የሚያልፍበትን አንድ ቋጠሮ ለመምረጥ ነው። የባሌን መተላለፊያ ያዙልን ያልነው ስለዚህ ነው። በጓሳ ዙሪያ ይህ ቋጠሮ ውሻው ነው፤ ውሻውን የሚያገኘውም የገበሬው ጉባኤ ነው።

እንግዲህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፤ በጓሳ ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎች በግ በሚከተብበት ቀን ውሻም ይከተብ፤ ትል የሚያስወጣ ኪኒንም በዚያው ይሰጠው። ገበሬው አንድ ቀን ብቻ ከሥራው ይቀራል። ውሻ ይሞታል፣ ይወለዳልና ሥራው በያመቱ ይደገም።

ሁለተኛ፤ የታረደ በግ ጭንቅላት፣ ጉበትና ሳንባ ጥሬውን ለውሻ እንዳይጣል፣ እንዲቀበር ወይም እንዲቃጠል ኮሚቴው ከደንቡ ጋር ያስገባው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ከባለሥልጣን ትእዛዝ ይልቅ ከራሱ ሸንጎ የወጣ ደንብ እንደሚከበር ጓሳ ራሱ ምስክር ነው።

ሦስተኛ፤ የተነከሰ ሰው ጤና ጣቢያ ሲመጣ ወሬው በዚያው ቀን ለእንስሳት ሐኪሙ ይድረስ፤ ያበደ ውሻ ሲታይም ለጤና ጣቢያው ይነገር። በ2015 እ.ኤ.አ. የአገራችን ባለሙያዎች ተሰብስበው ከእንስሳ ወደ ሰው ከሚተላለፉት በሽታዎች አምስቱን፣ የእብድ ውሻ በሽታን፣ አባ ሰንጋን፣ ብሩሴሎሲስን፣ ሌፕቶስፓይሮሲስንና ውሃ የሚቋጥረውን የትል በሽታ በግንባር ቀደምትነት መርጠዋል። የተጻፈው ጥሩ ነው፤ የቀረው የሁለቱ ቢሮዎች በር ፊት ለፊት እንዲከፈት ነው።

አራተኛ፤ ይህኛው ለራሳችን ነው። የሕክምና ተማሪው ውሻውን አያይም፤ የእንስሳት ሕክምና ተማሪው ሕፃኑን አያይም፤ የሕግ ተማሪው ምንጩን አያይም። መምህሮቻችን ከየትምህርት ክፍሉ አንዳንድ ተማሪ መርጠው በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ጥያቄ ላይ አብረው እንዲያሠሩን እንለምናለን። ውጤቱም በመደርደሪያ እንዳይቀር፣ በአማርኛ ተጽፎ ለገበሬዎቹ ጉባኤ ይነበብ፤ እነርሱም ይተቹት።

ይህ የሕልም እንጀራ ነው የሚል ቢኖር ወደ ጀመርንበት ወደ «ደስታ» እንመልሰዋለን። ይህ የከብት በሽታ ለዘመናት አልጠፋም ነበር። የጠፋው ሙቀት የሚችል ክትባት ከተሠራ በኋላና በአፋር ምድር እንደ ታየው አርብቶ አደሩ ራሱ ሠልጥኖ ከብቱን ሲከትብ ነው። በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ለክፉ ቀን መነሻ የሆነው በሽታ ዛሬ በምድር ላይ የለም። ያጠፋው የላቦራቶሪው ሊቅ ብቻ ወይም እረኛው ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ ተገናኝተው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሏል ይኸው ነው።

ጓሳ በዝናብ ጊዜ ከሩቅ ሲያዩት ሣር ብቻ ይመስላል። ሥራችን በሣሩ ሥር ያለውን መስመር ማየትና ባዩት መስመር ላይ መሥራት ነው። ጥያቄ ያላችሁ፣ ይልቁንም የምትቃወሙን፣ ለመስማት ዝግጁ ነን።